የታማሚን ክንድ መዳበስ፦ የት፣ በምን ፍጥነት፣ ለምን ያህል ጊዜ

አልጋ ላይ የዋለን ሰው ቀኑን ሙሉ የሰው እጅ ያገኘዋል። ያገላብጡታል፣ ያጥቡታል፣ ልብሱን ይቀይሩለታል፣ የደም ግፊቱን ይለኩታል። ያ ሁሉ እጅ ግን ለጉዳይ የመጣ ነው፤ ጉዳዩን ሲጨርስ ይሄዳል። የሚጎድለው ምንም ጉዳይ የሌለው እጅ ነው፤ እሱን ደግሞ ከአስታማሚው በቀር የሚሰጥ የለም።

ዋናው ነገር ፍጥነቱ ነው። ፀጉር በሚያበቅለው ቆዳችን ውስጥ ለቀስታ ዳበሳ የሚነቁ ቀጫጭን የነርቭ ክሮች አሉ። በሴኮንድ ከ1 እስከ 10 ሴንቲሜትር በሚሄድ፣ የቆዳ ሙቀት ባለው እጅ ሲዳበሱ በደንብ ይነቃሉ፤ እጁ ሲፈጥን ይቀንሳሉ። መልእክታቸው በሴኮንድ 1 ሜትር ገደማ ብቻ ስለሚጓዝ የትኛው ቦታ እንደተነካ በትክክል ለማወቅ ብዙም አይረዱም። ሥራቸው ንክኪው ደስ ማለቱን መንገር ነው። በመዳፍ ውስጥ እጅግ ጥቂት ስለሆኑ መዳፍ ለመያዝ፣ ክንድ ለመዳበስ ይመረጣል።

ቀለበትና ሰዓት ያውልቁ። እጅዎን ታጥበው፣ ከቀዘቀዘ አሻሽተው ያሙቁ። ፊት ለፊት በሚታዩበት በኩል፣ ዓይን ለዓይን በሚተያዩበት ከፍታ ይቀመጡና «ክንድዎን ልዳብስዎ?» ብለው ይጠይቁ። መናገር ለማይችል ሰው መዳፍዎን ከእጁ በታች ያስገቡለት። ከላይ ከጫኑበት ባይፈልግ እንኳ ማንሳት ይቸግረዋል፤ ከታች ከሆነ ግን እጁን መሳብ ብቻ ይበቃዋል።

ከዚያ አንዱን እጅዎን ከታማሚው መዳፍ ሥር አድርገው፣ የሌላውን እጅዎን ጣቶች ገጥመው ሙሉ መዳፍዎን ክርኑ አጠገብ ያሳርፉና ወደ እጅ አንጓው ይውረዱ። ርቀቱ 25 ሴንቲሜትር ያህል ቢሆን በልብዎ እስከ ስምንት እየቆጠሩ ይጨርሱት፤ በሴኮንድ 3 ሴንቲሜትር ማለት ነው። በ2 ሴኮንድ ከደረሱ ከልክ በላይ ፈጥነዋል። መጀመሪያ ላይ እጅ ይቸኩላል፣ አይግረምዎ። የእጅዎ ክብደት ብቻ ይበቃል፤ አይጫኑ። በጣት ጫፍ ብቻ ከሆነ ደግሞ ይኮረኩራል። ወደ ላይ ሲመለሱ ያ የመጀመሪያው እጅዎ ከታማሚው መዳፍ ሥር አይነሳ።

ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይበቃል። አንድ ቦታ ሲደጋገም ይሰለቻል፣ ሊያናድድም ይችላል፤ ወደ ሌላው ክንድ ወይም ወደ ላይኛው ጀርባ ይዛወሩ። ስልክ ይዞ በአንድ እጅ መዳበስ ግን ባይሆን ይሻላል፤ ታማሚው ያውቀዋል።

የአረጋውያን ቆዳ ስስ ስለሆነ ደረቅ እጅ ሲጎተትበት ሊላጥ ይችላል፤ ትንሽ ቅባት ይጠቀሙ። ግሉኮስ የተሰካበትን፣ የበለዘውንና የቆሰለውን ቦታ ይለፉት። አንድ እግር ብቻ አብጦ፣ ሞቆ፣ ባቱ ላይ ካመመ የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ፈጽሞ አያሹት፤ በቶሎ ለሐኪም ያሳዩ።

የመርሳት በሽታ ያለበትን ሰው ከኋላ መጥተው አይንኩት፤ ይደነግጣል፣ ሊመታዎትም ይችላል። በስሙ ይጥሩት፣ ሲያይዎት ይቅረቡ። ማንም ይሁን ማን ጡንቻው ከገተረ፣ ጡጫ ከጨበጠ ወይም ትንፋሹን ከያዘ «አልፈልግም» ማለቱ ነው፤ ያቁሙ፣ አጠገቡ መቀመጥ ብቻውን ይበቃል።

ሲጨርሱ እጅዎን ድንገት አያንሱ። ለሁለት ሦስት ትንፋሽ ያህል ሳያንቀሳቅሱ ያቆዩትና «አሁን ልነሳ ነው» ብለው ይነሱ።