ሻንጣው ውስጥ ዕፅ ተገኘ ሲባል፦ ጎንደር ላይ የታሰረ ዘመድን በሕግ እንዴት እንርዳ?

ስልክ ይደወላል። ከመተማ ሲመለስ የነበረው ወንድማችሁ አዘዞ ጋ ፍተሻ ላይ ተይዟል። ሻንጣው ውስጥ ካናቢስ ተገኘ ተብሏል። እሱ ደግሞ «አድርስልኝ ተብዬ ነው፣ ውስጡን አላየሁም» ይላል። ቤቱ ይተራመሳል። አንዱ «የማውቀው ፖሊስ አለ» ይላል፣ ሌላው ብር ማሰባሰብ ይጀምራል። ተዉት። ጉቦ ራሱን የቻለ ሌላ ክስ ነው።

መጀመሪያ የትኛው ጣቢያ እንዳለና በስንት ሰዓት እንደተያዘ አጣሩ። ሰዓቱን ጻፉት። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 መሠረት በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለበት። ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው የመንገድ ጊዜ ግን አይቆጠርም።

ምግብ ስታደርሱለት አንድ ነገር ንገሩት፦ ጠበቃ ሳታማክር ቃል አትስጥ። የወንጀል ሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 27 ተጠርጣሪ መልስ እንዲሰጥ አይገደድም ይላል። የተናገረው ግን ማስረጃ ሊሆንበት ይችላል። እኛ ጋ ዝም ያለ ሰው ጥፋተኛ ይመስላል። «ንጹሕ ከሆነ ለምን አይናገርም?» ይባላል። ስለዚህ ሰው ይደነግጥና ግምቱን ይናገራል። ዛሬ «ጫት መስሎኝ ነበር»፣ ነገ «ልብስ ነው ብሎኝ ነው»። ሁለቱ ቃል ሲጋጭ ለዐቃቤ ሕግ ሠርግና ምላሽ ነው። ዋሽ በሉት እያልኩ አይደለም። የሚያውቀውን ጠበቃው ባለበት፣ አንድ ጊዜ፣ ረጋ ብሎ ይናገር።

ለጠበቃ የሚሆን ገንዘብ ከሌለ የጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት የሚሰጠውን ነጻ የሕግ ድጋፍ ጠይቁ። ክስ ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ አቅም ለሌለው ሰው መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ እንዲያቆምለት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 መጠየቅ ይቻላል።

ፖሊስ «ምርመራ አልጨረስኩም» ብሎ ጊዜ ቀጠሮ፣ ማለትም ታስሮ የሚቆይበት ተጨማሪ ቀን፣ ከፍርድ ቤት ይጠይቃል። በአንድ ጊዜ ከ14 ቀን በላይ አይፈቀድም፣ ግን ሊደጋገም ይችላል። ስለዚህ በየቀጠሮው «ባለፈው ጊዜ ምን ተሠራበት?» ብሎ የሚሞግት ሰው ያስፈልጋል። ዋስትናም እዚያው ይጠየቃል። መፈቀዱ በተጠቀሰው አንቀጽና ንዑስ አንቀጽ ክብደት ላይም ይመሠረታል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 525 ማምረትን፣ ማዘዋወርንና መጠቀምን አብሮ ይዟል። ክሱ የትኛውን እንደሚል በደንብ አንብቡ።

አሁን ወደ ዋናው ጭቅጭቅ። ወንጀል የሚባለው ሕጋዊ (ሕግ የከለከለው መሆኑ)፣ ግዙፋዊ (ድርጊቱ) እና ሞራላዊ (ሐሳቡ) ሁኔታዎች አንድ ላይ ሲሟሉ ነው፤ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 23 ነው። ሻንጣው እጁ ላይ መገኘቱ ግዙፋዊው ነው። ውስጡ ምን እንዳለ ያውቅ ነበር ወይ? ይሄ ሞራላዊው ነው፣ ብዙውን ጊዜ ክርክሩም እዚህ ላይ ነው። «አላውቅም» ብቻውን አይበቃም። ዕቃውን ማን ሰጠው? በስልክ ተደዋውለዋል? የትራንስፖርት ቲኬቱ የት አለ? የመኪናው ረዳት ሻንጣውን ማን ሲጭን አየ? ሻንጣው ጣሪያ ላይ ከሌሎች ዕቃዎች ጋር ከነበረ፣ የማን እንደሆነ በምን ተለየ? የምስክሮችን ስም ቶሎ ያዙ። ረዳት በሳምንቱ መስመር ሊቀይር ይችላል።

ኤግዚቢቱንም፣ ማለትም ተያዘ የተባለውን ዕፅ፣ አትርሱት። ሲያዝ ተመዝኗል? ታሽጓል? እነማን ፈረሙ? የላብራቶሪው ውጤትስ ዕፅ መሆኑን አረጋግጧል? ፖሊስ የጻፈው ክብደትና የላብራቶሪው ክብደት ከተለያዩ ጠበቃው ያንሳው። ቤት ተበርብሮ ከሆነ የብርበራ ትእዛዙን ጠይቁ።

ዕፅ ማዘዋወር የፌዴራል ጉዳይ ነው። ሆኖም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 80 የፌዴራሉን ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥልጣን ለክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በውክልና ይሰጣል። ስለዚህ መዝገቡ የት እንደሚሄድ ቀድማችሁ ጠይቁ፤ ቀጠሮ ባሕር ዳር ሆኖ እናንተ ጎንደር ችሎት በር ላይ እንዳትውሉ።

የዐቃቤ ሕግ ምስክሮች ተሰምተው ክሱ ካልተረጋገጠ፣ መከላከያ ማቅረብ ሳያስፈልግ በነጻ ይሰናበታል። ተከላከል ከተባለ ግን ረዳቱና ቲኬቱ የሚፈለጉት ያኔ ነው።

ከተፈረደበት የይግባኝ ማስታወቂያ በ15 ቀን ውስጥ ይቀርባል፣ ማመልከቻው ደግሞ የፍርዱ ግልባጭ እጅ ከገባ በ30 ቀን ውስጥ። ግልባጩን ፍርዱ በተነበበበት ቀን ሬጅስትራር ቢሮ ገብታችሁ ጠይቁ።