የሕፃናት ችፌ፦ ሕክምናው የማይሰምርባቸው ምክንያቶችና መፍትሔዎቻቸው

በሕፃናት ቆዳ ሕክምና ክፍል ነርስ ሆኜ በሠራሁባቸው ዓመታት ከወላጆች አፍ ደጋግሜ የሰማሁት «ሁሉንም ቅባት ሞክረናል፤ አንዱም አልሠራም» የሚለውን ነው። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ሐኪም ሕፃኑን አይቶ «ችፌ ነው» ካለ በኋላ ሕክምናው ለምን እንደማይሰምር ለሚጠይቁ ወላጆች ነው። ሽቶ ያለበትን ሳሙና መተው፣ ጥፍር ማሳጠር፣ ከሱፍ ይልቅ ጥጥ ማልበስ የሚሉትን ምክሮች አንባቢው አስቀድሞ እንደ ፈጸማቸው እቆጥራለሁ።

ምልክት፦ ሽፍታው የችፌን የተለመደ ቦታና መልክ አልያዘም

በመጀመሪያው ዓመት ችፌ በብዛት የሚወጣው በጉንጭ፣ በግንባር፣ በራስ ቆዳ እንዲሁም በክንድና በእግር የውጭ ገጽ ላይ ሲሆን፣ በዳይፐር የተሸፈነው ቦታ ርጥበት ስለማይለየው ብዙውን ጊዜ ይተርፋል። ሽፍታው ከዳይፐር ሥር ብቻ ከሆነ ሌላ መንስኤ ይፈለጋል። በራስ ቆዳ ላይ የተጣበቀው ቢጫና ወዛም ቅርፊት ሕፃኑን እምብዛም የማያሳክከው ከሆነ፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚታይና በአብዛኛው በራሱ የሚጠፋ ሌላ የቆዳ ችግር ነው። በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ሽፍታ ከታየ፣ በቤት ውስጥም ሌሊት ሌሊት የሚያክ ሌላ ሰው ካለ እከክ ተብሎ ይጠርጠር፤ እከክ ከሆነ ቤተሰቡ ሁሉ በአንድ ጊዜ መታከም አለበት። ጠርዙ ከፍ ብሎ መሐሉ የጠራ ክብ ደግሞ ጭርት ሊሆን ይችላል፤ ስቴሮይድ የተባለው የቆዳ ቁጣ ማብረጃ መድኃኒት ያለበት ክሬም ጭርትን ለጥቂት ቀናት አደብዝዞ ከዚያ ያስፋፋዋል።

አንድ ነገር ልጨምር። ብዙ መጻሕፍት ችፌን «ቀይ ሽፍታ» ይሉታል። በጠቆረ ቆዳ ላይ ግን ቁጣው ጥቁር ቡናማ፣ ወይን ጠጅ ወይም አመድማ ሆኖ፣ አንዳንዴም እንደ አሸዋ የሚሻክር ጥቃቅን ፍንጣቂ ሆኖ ይታያል። ቅላት ሲጠብቁ የከረሙ ወላጆች ችፌው ሥር ሰዶ ቆዳው ከወፈረ በኋላ ይመጣሉ። ከዓይን ይልቅ የእጅን ጀርባ እመኑ፤ ሲዳሰስ የሚሻክር ቦታ ቢያንስ ቅባት ጎድሎታል፣ የሚሞቅና ወፈር ያለ ከሆነ ደግሞ ገና ተቆጥቷል።

ምልክት፦ ጠዋት የተቀባው ቆዳ ከሰዓት በኋላ እንደ ብራና ደርቆ ይገኛል

ከሚመጡልን ቅሬታዎች ሁሉ የሚበዛው ይህ ነው፤ መንስኤውም በአብዛኛው የቅባቱ ዓይነት ሳይሆን መጠኑ ነው። የጤነኛ ቆዳ የላይኛው ንብርብር ሕዋሳቱን በስብ አያይዞ ውኃ ከውስጥ እንዳይተን፣ የሚያስቆጣ ነገርም ከውጭ እንዳይገባ ያግዳል። ችፌ ያለበት ሕፃን ግን ይህ ንብርብር ክፍተት የበዛበት ነው። ፊላግሪን የተባለውን የቆዳ ፕሮቲን በሚሠራው ዘረመል ላይ የሚገኝ ጉድለት ለችፌ እንደሚያጋልጥ እ.ኤ.አ. በ2006 ታውቋል፤ በብዙ ሕፃናትም ድርቀቱ አብሯቸው የተወለደ ነው። እንግዲህ ማለስለሻ ቅባት የጎደለውን በየዕለቱ ይተካል እንጂ ችፌን ነቅሎ አያጠፋም፤ ሲያንስ ወይም ሲቋረጥ ድርቀቱ ይመለሳል።

አንዲት እናት የስድስት ወር ልጇን ታቅፋ ስትመጣ ሰባት ዓይነት ክሬም በከረጢት ይዛ ነበር። አንድ በአንድ ከፍቼ ሳያቸው ሁሉም ከግማሽ በላይ ሙሉ ናቸው፤ እያንዳንዱን ለአራት ወይም ለአምስት ቀን ሞክራ ወደሚቀጥለው ተሻግራለች። «እስቲ እቤት እንደምታደርጊው ቀቢው» ስላት በጣቷ ጫፍ የምስር ፍሬ የምታህል ክሬም ነካ አድርጋ ሁለቱን ጉንጮቹን አበሰችለት። ከሰባቱ መካከል ሽታ የሌለውን አንዱን መርጬ ልጁን ከአንገቱ እስከ እግር ጣቶቹ ቀባሁት፤ እናቲቱ ዓይኗ ፈጥጦ «ይህ እኮ የሳምንቴ ነው» አለች። በሌላ ጊዜ አንድ አባት የ50 ግራም ቱቦ አሳይቶኝ «ሁለት ወር ሙሉ ቀባነው፣ ለውጥ የለም» ብሎኛል። ሒሳቡ ሲሠራ በቀን 1 ግራም እንኳ አይሞላም። እንዲህ ያለውን መጠን ተጠቅሞ ቅባቱን መኮነን ፍርደ ገምድልነት ነው።

ችፌው በሰፊው የያዘው ሕፃን በሳምንት ከ100 ግራም በላይ፣ ብዙ ጊዜም እስከ 250 ግራም የሚደርስ ማለስለሻ ቅባት ይፈልጋል። ቅባቱ በቀን ቢያንስ ሁለት ጊዜ፣ ሲብስ ደግሞ ዳይፐር በተቀየረ ቁጥር ይደረጋል፤ የሚቀባውም የታመመው ቦታ ብቻ ሳይሆን መላ ሰውነቱ ነው። አቀባቡም ያልተወሳሰበ ነው፤ በቆዳው ላይ እዚህም እዚያም በነጥብ ይቀመጥና ፀጉር በሚያድግበት አቅጣጫ ወደ ታች በእርጋታ ይለሰናል። እየፈተጉ ማስገባት ቆዳውን ያስቆጣል። ሲጨርሱ ቆዳው ማብረቅረቅ አለበት፤ ወዲያው ደርቆ ከታየ የተቀባው አልበቃም። በማሰሮ መልክ ካለ ዕቃ የሚወጣው ቅባት በንጹሕ ማንኪያ ይጨለፍ፤ ጣት የገባበት ዕቃ ባክቴሪያ ያፈራል።

«ታዲያ የትኛው ይሻላል?» ለሚለው ጥያቄ እኔም ለዓመታት ወፍራሙ ቅባት ይበልጣል እያልሁ እመልስ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ አንድ የእንግሊዝ ጥናት ችፌ ያለባቸውን 550 ልጆች በአራት ቡድን ከፍሎ ሎሽን፣ ክሬም፣ ጄልና ወፍራም ቅባት ለ16 ሳምንታት ቢያስጠቅምም አንዱ ከሌላው የተሻለ ውጤት አላሳየም። ስለዚህ የተሻለው ቤተሰቡ ሳይሰለች በየቀኑ የሚቀባው፣ ሕፃኑንም የማያቃጥለው ነው። ነገር ግን ሽቶ ያለበት አይሁን፤ ዩሪያ የተባለው ንጥረ ነገር ያለበትም ሕፃንን ስለሚያቃጥል ይቅር። የወይራ ዘይትም ለዚህ አይሆንም፤ በውስጡ የበዛው ኦሌይክ አሲድ የቆዳውን መከላከያ ይበልጥ ያሳሳዋል። በዕቃው ላይ የተጻፈውን «ለሕፃናት የሚሆን» ወይም «አለርጂ የማያመጣ» የሚል ጽሑፍ እንደ ማረጋገጫ አትቁጠሩት፤ ከእነዚህ ቃላት ሥር ሽቶ የታጨቀባቸውን ምርቶች ደጋግሜ አግኝቻለሁ፣ ባገኘሁ ቁጥርም እናደዳለሁ።

መጠኑ ትክክል ሆኖ ድርቀቱ ካልተወ ወደ መታጠቢያው ሰዓት እንሂድ። አንዲት አያት የልጅ ልጃቸውን በጥንቃቄ አጥበው፣ አልብሰው፣ አብልተው ካበቁ በኋላ፣ ሰዓት ካለፈ በኋላ ማለት ነው፣ ልብሱን ገልጠው ይቀቡት ነበር፤ በዚያ መሐል ቆዳው የጠጣው ውኃ ተንኖ አልቋል። ውኃው ለብ ያለ፣ ከ37 ዲግሪ የማይበልጥ ይሁን፤ ቆይታው ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ይወሰን፤ በሳሙና ፈንታ አረፋ የሌለው ለስላሳ ማጠቢያ ይሁን። የቆዳ ፒኤች፣ ማለትም የአሲድነቱ ልኬት፣ 5 አካባቢ ሲሆን የተለመደው ሳሙና 9 እና ከዚያም በላይ ነው። ከውኃ ሲወጣ በፎጣ ጠቅ ጠቅ ተደርጎ ውኃው ይነሣለት፤ አይፈተግ። ገና ወዝ እያለው በ3 ደቂቃ ውስጥ ይቀባ፤ ለዚህም ቅባቱ ሕፃኑ ውኃ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ተከፍቶ አጠገብ ይቀመጥ። ቅባት የነካው ሕፃንና ገንዳ እጅግ ያንሸራትታሉ፤ አንድ እጅ ከሕፃኑ ላይ ፈጽሞ አይነሣ።

ፓራፊን ወይም ሌላ ቅባት የጠጣ ልብስና አንሶላ በእሳት ቶሎ ስለሚያያዝ ከሻማና ከምድጃ ይራቅ።

ምልክት፦ በስቴሮይድ ክሬም ይሻለውና በሦስት ቀን ውስጥ ተመልሶ ይነሣል

መንስኤው ፍርሃት ነው። ቆዳው ከተቆጣ በኋላ ማለስለሻ ብቻውን አይበቃም፤ ሐኪም ያዘዘው ቀላል ስቴሮይድ፣ ለሕፃን ፊት አብዛኛውን ጊዜ ሃይድሮኮርቲሶን 1 ፐርሰንት፣ ቁጣውን ያበርዳል። ወላጆች ግን ስለ ስቴሮይድ የሰሙት ያስፈራቸዋል፤ በስሱ ይቀቡና በሁለተኛው ቀን መልኩ ሲሻሻል ያቆማሉ። ውስጡ ያልበረደው ቁጣ ይመለሳል፤ ይህ ሲደጋገም ሕፃኑ በድምሩ የሚቀባው ስቴሮይድ በአንድ ዙር በሚገባ ታክሞ ቢሆን ኖሮ ከሚወስደው ይበልጣል። ሐኪም ሌላ ካላዘዘ በቀር በቀን አንድ ጊዜ፣ ቆዳው ሲዳሰስ እስኪለሰልስና ከዚያም በኋላ ለ2 ቀናት ይቀባል። በ7 ቀን ውስጥ ለውጥ ካልታየ ሕፃኑ እንደገና ይታይ።

መጠኑ በጣት ይለካል። ከአዋቂ አመልካች ጣት ጫፍ እስከ መጀመሪያው መታጠፊያ የሚዘረጋው ክሬም ግማሽ ግራም ያህል ሲሆን፣ ሁለት የአዋቂ መዳፍ ከነጣቶቹ የሚሸፍነውን ቆዳ ያዳርሳል። ከ3 እስከ 6 ወር ላለ ሕፃን ለፊትና ለአንገት አንድ፣ ለአንድ ክንድ ከነእጁ አንድ፣ ለአንድ እግር አንድ ተኩል ልኬት ይበቃል። በስቴሮይዱና በማለስለሻው መካከል ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ይለፍ።

ማስጠንቀቂያው እዚህ ላይ ይጠብቃል። ለትልቅ ሰው የታዘዘ ቤታሜታዞን ወይም ክሎቤታሶል የሚባል ጠንካራ ስቴሮይድ ለሕፃን ፊት አይደረግ። ከዳይፐር ሥርም አይደረግ፤ ዳይፐሩ መድኃኒቱን አፍኖ ወደ ውስጥ ያስገባዋል። ስቴሮይድ፣ የፈንገስ መድኃኒትና አንቲባዮቲክ በአንድ ላይ የተቀላቀለበትን ክሬም ያለ ትእዛዝ አትጠቀሙ። ይዘቱ ያልተጻፈበትን፣ «ከዕፅዋት ብቻ የተሠራ» ተብሎ የሚሰጥን ማሰሮ ደግሞ ወደ ቤት አታስገቡ። በሁለት ቀን ተአምር የሠራ እንዲህ ያለ ቅባት ለወራት የተቀባች ሕፃን አይቻለሁ፤ ጉንጮቿ ሳስተው የደም ሥሮቿ ይቆጠሩ ነበር። እንዲህ ባሉ ቅባቶች ውስጥ ያልተገለጸ ጠንካራ ስቴሮይድ መገኘቱ የታወቀ ነገር ነው።

ምልክት፦ በአፍ ዙሪያና በአገጭ ላይ ብቻ ይብሳል

ለሃጭና የምግብ ርጥበት ነው። ከመመገቡና ከመተኛቱ በፊት ቫዝሊን በስሱ ይቀባ፤ ሲረጥብ በደረቅ ጨርቅ ጠቅ ተደርጎ ይነሣለት፣ ሽቶ ባለው እርጥብ ሶፍት አይጠረግ።

ምልክት፦ ቀን ደኅና ውሎ ሌሊት ሲያክ ያድራል

ብዙ ጊዜ ሙቀት ነው፤ ልብስና ብርድ ልብስ ይቀነስ፣ ማታ ሳይተኛ ይቀባ። የሚያስተኛ የአለርጂ ሽሮፕ ችፌን አያክምም፤ ከእነዚህ ሽሮፖች አንዱ የሆነው ፕሮሜታዚን ደግሞ ከ2 ዓመት በታች ላለ ሕፃን አተነፋፈስን እስከ ማገድ ስለሚደርስ ፈጽሞ አይሰጥ።

ምልክት፦ ምግብ ከጀመረ ወዲህ ብሷል

ያለ ሐኪም ምክር ምግብ መከልከል፣ የምታጠባ እናትንም ማስራብ ስሕተት ነው፤ በዚህ መንገድ ክብደቱ የቀነሰ ሕፃን ማየት ያማል። የምግብ አለርጂ አብዛኛውን ጊዜ ከተበላ በደቂቃዎች፣ ቢዘገይ በ2 ሰዓት ውስጥ በሚያብጥ ሽፍታ ወይም በትውከት ይታያል፤ የከንፈር እብጠትና የትንፋሽ ማጠር ካለበት አፋጣኝ ሕክምና ይሻል። መከልከሉ ራሱ ጉዳት ሊያመጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2015 በታተመ ጥናት ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ኖሮባቸው ከ4 እስከ 11 ወር ባለው ዕድሜ ኦቾሎኒ ያለበት ምግብ የጀመሩ ሕፃናት፣ ከተከለከሉት ይልቅ በ5 ዓመታቸው የኦቾሎኒ አለርጂ እጅግ አንሶባቸው ተገኝቷል። ችፌው ከባድ ከሆነ አጀማመሩ በሐኪም ምክር ይሁን፤ ሙሉ ፍሬው ስለሚያንቅ አይሰጥ።

ምልክት፦ ማር የመሰለ ቅርፊት፣ ፈሳሽ ወይም ድንገተኛ ቁስል

ቢጫ ቅርፊትና የሚያዥ ቁስል በአብዛኛው ስታፊሎኮከስ በተባለ ባክቴሪያ ሲመረቅዝ የሚታይ ነውና በዚያው ቀን ወይም በማግሥቱ ይታይ። እኩል መጠን ያላቸው፣ በቀዳጅ የተበሱ የሚመስሉ ትናንሽ ቁስሎች በድንገት ከፈሉ፣ በተለይ ሕፃኑ ካተኮሰውና ከፈዘዘ፣ የከንፈር ምች የሚያወጣው የሄርፒስ ቫይረስ ችፌውን ወርሮት ሊሆን ይችላል፤ ይህ ሌሊትም ቢሆን የማያሳድር ድንገተኛ ሕመም ነው፣ ዓይን አጠገብ ከሆነ ደግሞ ብርሃኑን ያሰጋዋል። ከንፈሩ ላይ ምች የወጣበት ሰው ችፌ ያለበትን ሕፃን አይሳም፤ እናትም ብትሆን።

ምልክት፦ ችፌው ለቆ ነጣ ያለ ወይም የጠቆረ ምልክት ቀረ

ቦታው በእጅ ሲዳሰስ ለስላሳ ከሆነ ሕመሙ አልፏል፤ የቀረው ቁጣው የተወው የቀለም ለውጥ ነው። ለዚህ ስቴሮይድ መቀጠል ጥቅም የለውም፣ የሚያነጣ ክሬም መቀባትም ችፌውን መልሶ ይቀሰቅሳል። ቀለሙ በወራት ውስጥ ቀስ እያለ ይስተካከላል፤ ማለስለሻው ግን በዚህ ሁሉ ጊዜ በቀን ሁለቴ ይቀጥላል።