አዲስ የተኩስ ጌም ቤታ ከደሴና ከኮምቦልቻ እንዴት ይሞከራል?

አንድ የኦንላይን ተኩስ ጌም ለሽያጭ ከመቅረቡ በፊት ብዙ ጊዜ ቤታ ይለቀቃል። ገና ያላለቀው ጌም ለጥቂት ቀናት ይከፈታል። ኩባንያው ሰርቨሩ (ተጫዋቾችን የሚያገናኘው ኮምፒውተር) ብዙ ሰው ይችል እንደሆነ ያያል፣ ስህተት ይለቅማል፣ የጠመንጃዎቹን ጉልበት ያመጣጥናል። ተጫዋቹ ደግሞ ቀድሞ ይቀምሳል።

ከዚያ ክርክር ነው። «ወላሂ የዓመቱ ጌም ነው» የሚል አለ። «ተወው ባክህ፣ ጥይቱ እንኳን አይመታም» የሚልም አለ። እኛ ጋ ግን ከሁለቱም በፊት መመለስ ያለበት ጥያቄ አለ። ያልመታው ጥይት የጌሙ ጥፋት ነው? የሰርቨሩ ርቀት ነው? ወይስ የቤታችን ዋይፋይ? ይህን ሳይለዩ መውቀስም ማወደስም ዋጋ የለውም። ከታች ያለው አካሄድ በዋናነት ለፒሲ ተጫዋች ነው፤ መስመርን የሚመለከተው ክፍል ግን ለፕሌይስቴሽንም ይሠራል። ቀኖቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

1. በትክክለኛው በር ግቡ

ክፍት ቤታ ከሆነ ማንም አውርዶ ይገባል። ዝግ ቤታ ከሆነ የሚገባው የተመረጠ ሰው ብቻ ነው። ስቲም (የፒሲ ጌም መሸጫው) ላይ የጌሙን ገጽ ክፈቱ፤ የሙከራ መጠየቂያ ቁልፍ ካለ ተጫኑትና ጠብቁ። ከተመረጣችሁ በኢሜል ይነገራችኋል።

የአገባቡ መንገድ ግን ከጌም ጌም ይለያያል። ቫሎራንት በኤፕሪል 2020 ዝግ ቤታውን ሲጀምር ዕድሉ የሚገኘው ትዊች በሚባለው የቀጥታ ስርጭት ገጽ ላይ የጌሙን ስርጭት በማየት ነበር። ያውም መጀመሪያ የተከፈተው ለአሜሪካና ለአውሮፓ አካባቢ ነው። ካውንተር ስትራይክ 2 በማርች 2023 ሙከራ ሲጀምር ደግሞ የጌሙ ሠሪ ቫልቭ ራሱ ከነባሮቹ ተጫዋቾች መርጦ አስገባ። የሚሸጥም የሚለመንም ኮድ አልነበረም። ኮል ኦፍ ዱቲ አብዛኛውን ጊዜ ቀድሞ የከፈለን ቀድሞ ያስገባል፤ ይሄ የውጭ ምንዛሪ ካርድ ለሌለን ብዙም አይጠቅመንም። ክፍቱን ቀን መጠበቅ ነው።

ስለዚህ ቴሌግራም ላይ «የቤታ ኮድ አለን፣ በቴሌብር ላኩ» የሚል ስታዩ ዝም ብላችሁ እለፉ። በተለይ ስልክ ላይ ከፕሌይ ስቶር ውጭ በፋይል የሚላክ «ቤታ» አትጫኑ። የስቲም የይለፍ ቃላችሁን የሚጠይቅ ሰው ደግሞ የሚፈልገው አካውንታችሁን ነው።

ሌላም ነገር አለ። አንዳንድ ዝግ ቤታ የምስጢር ስምምነት ያስፈርማል። ከፈረማችሁ ስክሪንሾት ለጓደኛም ቢሆን አትላኩ። አካውንቱ ሊታገድ ይችላል።

2. ሰዓቱን ወደ እኛ መልሱት

የሚከፈትበት ሰዓት ብዙ ጊዜ በዩቲሲ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት ይጻፋል። አቋራጩ ቀላል ነው፤ ከዩቲሲው ላይ 3 ቀንሱ፣ በእኛ አቆጣጠር ይመጣል። 8 ሰዓት ዩቲሲ ማለት ጠዋት 5 ሰዓት ነው። 17 ሰዓት ዩቲሲ ደግሞ 14 ይሆናል፣ ማለትም ማታ 2 ሰዓት።

3. ማሽኑን ቀድማችሁ አዘጋጁ

የሚጠየቀውን ራምና ግራፊክስ ካርድ ሁሉም ያያል። የሚረሳው የጸረ ማጭበርበር ሶፍትዌሩ ነው። ባትልፊልድ 6 በኦገስት 2025 ቤታው ሲከፈት ሴኪዩር ቡት (ኮምፒውተሩ ሲነሳ የታመነ ሶፍትዌር ብቻ የሚያስነሳ ቅንብር) ያልበራበትን ፒሲ አላስገባም። ቫሎራንትም ዊንዶውስ 11 ላይ እሱንና ቲፒኤም 2.0 የሚባለውን የደህንነት ቺፕ ይጠይቃል።

ዊንዶውስ ላይ ሲስተም ኢንፎርሜሽንን ክፈቱ። «ሴኪዩር ቡት ስቴት» የሚለው መስመር ላይ ጠፍቷል ካለ፣ ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው ቅንብር) ገብቶ ማብራት ያስፈልጋል። ግን ተጠንቀቁ። ሃርድ ዲስኩ በድሮው ኤም ቢ አር አሠራር የተከፋፈለ ከሆነ፣ የባዮሱን አነሳስ ብቻ ስትቀይሩ ዊንዶውሱ አልነሳም ሊል ይችላል። መጀመሪያ ዲስኩ ጂፒቲ ወደሚባለው አዲሱ አሠራር መቀየር አለበት። ሰነዶቻችሁን ሌላ ቦታ ገልብጡ። ካልደፈራችሁ ኮምፒውተር ጠጋኝ ጋ ውሰዱት፤ ቤታው በሚከፈትበት ቀን ሳይሆን ከሳምንት በፊት።

ኮምቦልቻ ላላችሁ አንድ ጨምሩ። ከደሴ ወርዶ የሚመጣ ሰው ጃኬቱን የሚያወልቀው በምክንያት ነው። ላፕቶፕ ሲግል ራሱን ለመጠበቅ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ ያኔ ጌሙ ይቆራረጣል። አቧራውን አስጠርጉ፣ ከስር ከፍ አድርጉት፣ አልጋ ላይ አታስቀምጡት።

4. ማውረድ

ሒሳቡን ቀድማችሁ ሥሩ። 40 ጊጋባይት በ10 ሜጋቢት ፍጥነት ሳይቋረጥ ቢወርድ 9 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። በ4 ሜጋቢት ወደ 22 ሰዓት ይጠጋል። ያውም መብራት ካልሄደ ነው። ጥሩነቱ ብዙ ቤታዎች ከመከፈታቸው አንድ ሁለት ቀን በፊት ቀድሞ ማውረድ ይፈቅዳሉ። ያን ቀን አትለፉት። በሞባይል ዳታ ከሆነ የሌሊት ፓኬጅ ይሻላል።

አንድ ሰፈር ውስጥ ብዙ ሆናችሁ የምትጫወቱ ከሆነ ሁላችሁም ማውረድ የለባችሁም። ስቲም ከ2023 ጀምሮ አንድ ኔትወርክ ላይ ካሉ ኮምፒውተሮች ፋይሉን በቀጥታ ማስተላለፍ ይችላል። አንዱ ያወርዳል፣ ሌላው ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል። አካውንታችሁ ለቤታው የተፈቀደለት መሆን ግን አለበት።

ካወረዳችሁ በኋላ ያለው ቀላል ነው። ጨዋታው ራሱ በሰዓት ከጥቂት አስሮች እስከ ጥቂት መቶ ሜጋባይት ነው የሚበላው። ፓኬጅ የሚጨርሰው ማውረዱ ነው።

5. መስመራችሁን ለኩ፤ ዋናው ሥራ እዚህ ነው

ደሴ ያለ ልጅና ኮምቦልቻ ያለ ጓደኛው አንድ ቡድን ውስጥ ሲጫወቱ በመካከላቸው ያለው የሐረጎ ዳገት ብቻ ነው። ዳታው ግን እንዲህ አይሄድም። የሁለቱም ከአገር ይወጣል፣ ዱባይ ወይም ፍራንክፈርት ያለ ሰርቨር ላይ ይገናኛል፣ ከዚያ ይመለሳል።

ርቀቱ የራሱ ዋጋ አለው። ከደሴ ፍራንክፈርት በአየር ከ5 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ፋይበር ውስጥ ብርሃን በሰከንድ 200 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ነው የሚሄደው። ስለዚህ ቀጥ ያለ ገመድ ቢኖረን እንኳን ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ አይወርድም። እውነተኛው መንገድ ደግሞ ወደ ባሕር ወርዶ የሚዞር ስለሆነ ፒንጉ (ዳታው ሰርቨሩ ጋ ደርሶ የሚመለስበት ጊዜ፣ በሚሊሰከንድ) ከዚህ በደንብ ከፍ ይላል። ይህን የትኛውም ፓኬጅ አያስተካክለውም። የሚያስተካክለው ቅርብ ሰርቨር ነው። ቤታው ሰርቨር የሚያስመርጥ ከሆነ መካከለኛው ምሥራቅን ሞክሩ።

ስፒድ ቴስት ስታደርጉ መተግበሪያው ራሱ የመረጠላችሁን አትመኑ። አዲስ አበባ ያለ ሰርቨር ይመርጥና የሚያምር ቁጥር ያሳያችኋል። ሰርቨሩን ራሳችሁ ወደ ዱባይ ወይም ፍራንክፈርት ቀይሩት። የማውረድ ፍጥነቱን ተዉት፤ ፒንጉንና ጂተሩን እዩ። ጂተር ማለት የፒንጉ መዋዠቅ ነው። እኔ በበኩሌ 130 ላይ ረግቶ የሚቆም መስመር በ70 እና በ250 መካከል ከሚዘል መስመር ይሻለኛል። ለረጋ ፒንግ እጅ ይለምዳል። ለሚዘለው አይለምድም።

ቀጥሎ ጌሙ ውስጥ ገብታችሁ ከቅንብሩ የኔትወርክና የኤፍ ፒ ኤስ (በሰከንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ቁጥሮቹን አብሩ። ከዚህ በኋላ «ላግ ነው» ከማለታችሁ በፊት ቁጥሮቹን ተመልከቱ።

ስክሪኑ እየተንቀጠቀጠ ኤፍ ፒ ኤሱ ከወረደና ፒንጉ ከረጋ ችግሩ ማሽኑ ነው። ግራፊክሱን ዝቅ አድርጉ። ፒንጉ ከዘለለ ወይም ፓኬት ሎስ (መንገድ ላይ የጠፋ ዳታ) ከታየ፣ ሰውዬውም እየሮጠ ድንገት ወደ ኋላ ከተመለሰ፣ መስመሩ ነው። ዋይፋዩን ትታችሁ በኬብል ሞክሩ። በስልክ ሆትስፖት የምትጫወቱ ከሆነ በዩኤስቢ ገመድ አገናኙት። ቤት ውስጥ ቪዲዮ የሚያይ ሰው ካለም ለምኑት። ለራውተሩ ብቻ የምትሆን ትንሽ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ የምትተካ ባትሪ) ብትገኝ ለላፕቶፕ ተጫዋች ትልቅ ነገር ናት፤ መብራት ለአፍታ ብልጭ ሲል ከጨዋታው አትወጡም።

ግድግዳ ጀርባ ገብታችሁ ከተሸሸጋችሁ በኋላ የምትሞቱ ከሆነ ብዙ ጊዜ ርቀቱ ነው። የተኩስ ጌም ሰርቨር ተኳሹ በተኮሰበት ቅጽበት ያየውን ወደ ኋላ ተመልሶ ይመረምራል። በእሱ ስክሪን ላይ ገና ደጅ ነበራችሁ። በእናንተ ስክሪን ላይ ግን ገብታችኋል። ፒንግ ሲጨምር ይህ ልዩነት ይሰፋል። አናዳጅ ነው፣ ግን ስህተት አይደለም።

ቁጥሮቹ ሁሉ ደህና ሆነው፣ እዚያው ጨዋታ ውስጥ ያሉ የሌላ አገር ሰዎችም በዚያው ደቂቃ የሚያማርሩ ከሆነ፣ አብሽሩ፣ ሰርቨሩ ነው። አንድ ነገር ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚበላሽ ከሆነ ደግሞ የጌሙን ስህተት አግኝታችኋል። ቤታ የሚፈልገው ይሄንን ነው።

6. ስትከራከሩም ስትጽፉም

ከጓደኞቻችሁ ጋር ስትወያዩ አስተያየትና ስህተትን ለዩ። «ይህ ሾትጋን በጣም ይገድላል» አስተያየት ነው። «ደረጃው ላይ ስወጣ ጠመንጃው ይጠፋል» ስህተት ነው። ሁለቱም ይጠቅማሉ፣ የሚላኩበት ቦታ ግን የተለያየ ነው።

አስተያየት ዋጋ የለውም ብላችሁ አትተዉት። ባትልፊልድ 6 ቤታ ላይ ተጫዋቹ በመንሸራተትና በመዝለሉ ፍጥነት እንዲሁም በኤም 87 ኤ 1 ሾትጋን ላይ ብዙ ተከራከረ። ጌሙ በኦክቶበር 2025 ከመውጣቱ በፊት ሁለቱም ተስተካከሉ። በሌላ በኩል ካርታና የጨዋታ ዓይነት ጥቂት ስለሆኑ ብቻ ጌሙ ባዶ ነው አትበሉ። ቤታ የሚያሳየው ቁራሹን ነው።

ሪፖርት ስትጽፉ በአንድ መልእክት አንድ ችግር ብቻ ይሁን። ካርታው የቱ ነው፣ ምን ስታደርጉ ሆነ፣ ምን መሆን ነበረበት፣ ድጋሚ ስትሞክሩ ተደገመ ወይ? የፒሲያችሁን ዓይነት፣ የሰርቨሩን አካባቢና ፒንጋችሁን ጨምሩ። እንግሊዝኛው ቢሰባበር ግድ የለም፤ አጭር ይሁን እንጂ። አጭር ቪዲዮ ከገጽ ሙሉ ጽሑፍ ይበልጣል። ከኢትዮጵያ እንደምትጫወቱም ጻፉ። ቅርብ ሰርቨር መፈለጋችንን የሚያውቁት ከነገርናቸው ነው።

7. ቤታው ሲዘጋ

ያገኛችሁት ደረጃና መሣሪያ ብዙ ጊዜ ይሰረዛልና አትቆጩ። ዋናው ጌም አብዛኛውን ጊዜ እንደ አዲስ ስለሚወርድ የቤታውን ፋይል አጥፉና ዲስካችሁን አስለቅቁ።

ለመግዛት ካሰባችሁ ቤታው ላይ የሰውን ብዛት አስቡ። ኮንኮርድ የሚባለው የሶኒ ጌም በጁላይ 2024 ክፍት ቤታው በነጻ ሆኖ እንኳን ስቲም ላይ ብዙ ሰው አላገኘም። ኦገስት 23 ወጣ፣ ሴፕቴምበር 6 ተዘጋ፣ ገንዘብ ተመለሰ። ሰው ያነሰበት ጌም እኛን ቀድሞ ይጎዳል፤ ቅርብ ያለው ሰርቨር ባዶ ሲሆን ወደ ሩቁ እንጣላለን።

ስቲም ላይ በገዛችሁ በ14 ቀን ውስጥ፣ ከ2 ሰዓት በታች ተጫውታችሁ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን መጠየቅ ትችላላችሁ። ስለዚህ የመጀመሪያውን ምሽት በቤታው ላይ በለካችሁበት ሰዓት ግቡ። ያንኑ ሰርቨር ምረጡ፣ ቁጥሮቹን አብሩ፣ ከቤታው ጋር አስተያዩ። ሁለት ሰዓቱ ከመሙላቱ በፊት ወስኑ።