የእማዬ አስቤዛ፦ ኑሮ ሲወደድ በአረጋውያን መኖሪያ የምንሠራቸው ስህተቶች

እናቴ የምትኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ አረጋውያን ብቻ በሚኖሩበት ሕንጻ ነው። ሎቢው ላይ ሦስት ሶፋ አለ። አንደኛው የሀበሻ እናቶች ነው። ማንም አልሰጣቸውም፤ ግን የእነሱ ነው። ቅዳሜ ጠዋት አስቤዛ ተሸክሜ ስገባ ድሮ «ልጆቹ ደህና ናቸው?» ይሉኝ ነበር። አሁን ዓይናቸው መጀመሪያ ፌስታሉ ላይ ነው።

«እንቁላሉን ስንት ገዛኸው?»

አይፈረድባቸውም። በ2022 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) አሜሪካ ውስጥ የሱፐርማርኬት ምግብ በአማካይ 11.4 በመቶ ጨመረ። በ2024 ጭማሪው 1.2 በመቶ ብቻ ነበር። ዜናው «የዋጋ ንረት ረገበ» ይላል። እናቶቹ ደግሞ «ታዲያ ለምን አልወረደም?» ይላሉ። ትክክል ናቸው፤ መጨመሩ ቀዘቀዘ እንጂ የተሰቀለው አልወረደም። ምግብ ቤትማ ጭራሽ አልቀዘቀዘም ማለት ይቻላል፦ በ2023 7.1፣ በ2024 4.1 በመቶ።

ዋጋውን እኔም እናቴም አናወርደውም። ግን ደረሰኞቿን መሰብሰብ ከጀመርኩ ወዲህ አንድ ነገር ታዘብኩ። ከቦርሳዋ የሚወጣው ገንዘብ ሁሉ በኑሮ ውድነት የሚወጣ አይደለም። ብዙውን የሚወስደው ይሉኝታ ነው። የእሷም፣ የእኔም።

«ጭማሪ መጥቷል» ብሎ መዘናጋት

የሶሻል ሴኩሪቲ (የመንግሥት ጡረታ) ጭማሪ በየዓመቱ ጃንዋሪ ላይ ይመጣል። የ2023ቱ 8.7 በመቶ ነበር፤ ያን ሰሞን ሎቢው ሰርግ ቤት መስሎ ነበር። የ2026ቱ 2.8 በመቶ ነው። በወር 1,000 ዶላር የሚያገኙ እናት 28 ዶላር ተጨመረላቸው ማለት ነው። ነገር ግን በዚያው ወር የሜዲኬር ፓርት ቢ (የአረጋውያን የመንግሥት ጤና መድን፣ የሐኪም ክፍሉ) ወርሃዊ ክፍያ ከ185 ዶላር ወደ 202.90 ከፍ አለ። እሱ ደግሞ ገና ገንዘቡ እጅ ሳይገባ ይቆረጣል። 17.90 ሄደ። የቀረው አሥር ዶላር ከአሥር ሳንቲም ነው፤ በዚህ ዘመን ከአንድ ፓኬት ቡና ብዙም አያልፍ።

ስለዚህ ደብዳቤው ሲመጣ የመጀመሪያውን መስመር ብቻ አታንብቡ። ገቢያቸው ዝቅተኛ ለሆነ ሰዎች የፓርት ቢውን ክፍያ ስቴቱ የሚከፍልበት መንገድ አለ፤ ሜዲኬር ሴቪንግስ ፕሮግራም ይባላል። ማመልከት ግን የግድ ነው። ሳይጠየቅ በሩን አንኳኩቶ የሚመጣ ነገር እዚህ አገር የመኪና መቀጫ ብቻ ነው።

ፉድ ስታምፕን እንደ ውርደት ማየት

በእኔ ግምት ከስህተቶቹ ሁሉ ውዱ ይሄ ነው።

የእናቴ ጎረቤት አገር ቤት ዕድሜያቸውን በመምህርነት ያሳለፉ እናት ናቸው። ስለ ፉድ ስታምፕ፣ መንግሥት ለምግብ መግዣ ስለሚሰጠው ድጎማ፣ ሳነሳባቸው ቀና ብለው አዩኝና «እኔን ለማኝ አደረግኸኝ?» አሉኝ። ደነገጥኩ። ይቅርታ ጠይቄ ወጣሁ። በሚቀጥለው ሳምንት ከፋርማሲ ሲመለሱ አሳንሰር ውስጥ ተገናኘን። የያዙት የሰው ሠራሽ ጥርስ ማጣበቂያና የዓይን ጠብታ ነበር። ሁለቱንም ከኪሳቸው ነው የገዙት። «የዛሬው ምሳዬ እዚህች ከረጢት ውስጥ ገባ» ብለው ሳቁ። እኔ ሳቁ አልመጣልኝም።

ብዙዎቻችን የማናውቀው ይሄንን ነው። ዕድሜው 60 ለሞላ ሰው ደንቡ የተለየ ነው። ከ35 ዶላር በላይ የሆነ ወርሃዊ የሕክምና ወጪ፣ ኢንሹራንስ ካልከፈለው፣ ከገቢ ላይ ይቀነስለታል። መነጽር፣ የጆሮ መሣሪያ፣ ጥርስ፣ የሜዲኬር ክፍያው ራሱ፣ ሐኪም ዘንድ የሚወስደው የታክሲ ሂሳብ ሳይቀር። የቤት ኪራይም ይታያል። «ገቢዬ ትንሽ በለጠ ብለው መለሱኝ» የሚሉ ሰዎች ብዙ ጊዜ እነዚህን ደረሰኞች ሳያስገቡ ያመለከቱ ናቸው። እናቴ ጋ አሁን አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አለ። የፋርማሲ ደረሰኝ ሁሉ እዚያ ይገባል።

አንድ ማሳሰቢያ። በልጅ ስፖንሰርነት በግሪን ካርድ የመጡ ወላጆች ላይ የልጁ ገቢ ሊቆጠርባቸው ይችላል። ዜግነት ሲወስዱ ይሄ ይቀራል። «እንግሊዝኛ አልችልም» ብለው ዜግነቱን የተዉም አሉ፤ ዕድሜያቸው 55 የሆነና 15 ዓመት ግሪን ካርድ ይዘው የኖሩ ሰዎች ግን ፈተናውን በአማርኛ፣ በአስተርጓሚ መፈተን ይችላሉ። በ2025 የወጣው ሕግ ደግሞ ዜጋ ያልሆኑትን በተመለከተ የፉድ ስታምፑን ደንብ አጥብቋል። ስለዚህ «ለእገሊት ተፈቅዶላታል፣ ለእገሌ ተከልክሏል» በሚል የሎቢ ወሬ አትወስኑ። ማመልከቻውን የሚቀበለው ቢሮ ሂዱ፣ አስተርጓሚ በነጻ ይሰጣችኋል፣ ጠይቁ።

መምህርቷ በመጨረሻ አመለከቱ። ያሳመንኳቸው እኔ አይደለሁም። እናቴ ናት። «የእኔ ልጅ ከደሞዙ እየተቆረጠበት የሚከፍለው ነው፤ ካልወሰድሽለት ለማን ሊሆን ነው?» ብላ።

ታች ያለውን ምሳ መናቅ

እናቴ ሕንጻ ታች እንዳለው ያለ፣ አረጋውያን ተሰብስበው የሚበሉበት ምሳ ፌዴራል መንግሥቱ የሚደግፈው ነው። ሕጉ የ1965 ነው፤ ምግቡ በ1972 ተጨመረበት። ዕድሜው 60 የሆነ ሁሉ ይገባል። ገቢ አይጠየቅም። የሚችል የፈቀደውን ያዋጣል፣ የማይችል በልቶ ይሄዳል። ከቤት መውጣት ለማይችል ደግሞ ቤቱ ድረስ ይወሰድለታል።

እናቴ ለአንድ ዓመት ያህል እግሯን አላነሳችም። «የፈረንጅ ምግብ ጨውም የለው፣ ቅመምም የለው» ትላለች። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን ትወርዳለች። ቦርሳዋ ውስጥ በባዶ የመድኃኒት ዕቃ ሚጥሚጣ አለ። ሳህኑ ሲመጣ ዙሪያውን ታያለች፣ ክዳኑን ትከፍታለች፣ ነስነስ ታደርጋለች። አንዲት የኤል ሳልቫዶር ሴትዮ ለምዳባት አሁን እጇን ትዘረጋለች።

ትልቁን ቁጥር ብቻ ማየት

መደርደሪያው ላይ ሁለት ዋጋ ተለጥፏል። ትልቁ የዕቃው ነው። ትንሹ፣ ጥግ ላይ ያለው፣ የአንድ ኦውንስ ወይም የአንድ ፓውንድ ዋጋ ነው። ማየት ያለባችሁ ትንሹን ነው። ምክንያቱም ፋብሪካዎች ዋጋውን ለመጨመር ሲያፍሩ ዕቃውን ያሳንሱታል። ድሮ 64 ኦውንስ የነበረው የብርቱካን ጭማቂ ዛሬ ብዙው 52 ወይም ከዚያ በታች ነው። የቱና ጣሳ ከ6 ወደ 5 ወርዷል። መልኩ ያው ነው፣ እጅ ላይም ያው ይመስላል።

እናቴን በዚህ ማንም አይሸውዳትም። ሀበሻ ሱቅ ገብታ እንጀራ ስታነሳ ፕላስቲኩን ሳትከፍት ጠርዙን በአውራ ጣቷ እየገፋች ትቆጥራለች። «ስምንት። ባለፈው አሥር ነበር።» ያንን ዓይን ወደ ሱፐርማርኬቱ ማምጣት ነው የቀራት፤ እዚያ የተለጠፈው ጽሑፍ ትንንሽ ነው። ማጉያ መነጽር ገዛሁላት። ከሁሉም ወጪዬ ያተረፍኩበት እሱ ሳይሆን አይቀርም።

ስለ እንጀራ ካነሳን፣ ስንት ጤፍ እንዳለው ጠይቁ። ስንዴና ገብስ የበዛበትን በጤፍ ዋጋ መግዛት ኪሳራ ነው። ቤት መጋገር የሚችል ይጋግር። እዚህ ብዙ ሀበሻ የሚጋግርበት ምጣድ ለኖርዌጂያን ቂጣ የተሠራ ነው፤ ዱቄቱም ቢሆን አይዳሆ የበቀለ ጤፍ ይገኛል። ብቻ መስኮት ክፈቱ። የሕንጻው የጭስ ደወል አንዴ ከጮኸ ስድስት ፎቅ ሰው በነጠላ ጫማ ውጭ ይወጣል። ደርሶብናል።

ሌላው መደርደሪያው ላይ የሚለጠፈው ቢጫ የቅናሽ ወረቀት ነው። «ይሄን ያህል ቅናሽ» ይላል፣ ሥሩ ግን ኩፖኑ በስልክ ብቻ እንደሆነ በደቃቁ ተጽፏል። ስልክ የማይነካኩ እናት ሙሉውን ከፍለው ይወጣሉ። ልጆች፣ በእናንተ ስልክ መዝግቡላቸውና ኩፖኑን ቀድማችሁ ጫኑላቸው። አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ለአንድ ሰው የድግስ ያህል መግዛት

ይሄኛው የእኔ ጥፋት ነው። ጅምላ መደብር ገብቼ 25 ፓውንድ ሽንኩርት ገዛሁላት። ረከሰ ብዬ። ወር ሳይሞላው ግማሹ አቆጠቆጠ፣ የቀረው ቤቱን አሸተተ። እሷ ላለማሳዘን «ደህና ነው ልጄ» እያለች በድብቅ ትጥል ነበር።

አሁን አራት ሆነው ይካፈላሉ። አንድ ከረጢት ምስር፣ አንድ ትልቅ ጀሪካን ዘይት። በኩባያ ይለካሉ፣ ሂሳቡን መምህርቷ በደብተር ይይዛሉ። እቁብ ለለመደ ሰው ምን ይከብዳል?

ጎን ለጎን ደግሞ፦ ማሸጊያ ላይ የምታዩት ቀን አብዛኛውን ጊዜ ስለ ጥራቱ ነው እንጂ «ከዚህ በኋላ መርዝ ነው» ማለት አይደለም። ከሕፃናት ወተት በቀር ፌዴራል ሕጉ ቀን አያስገድድም። ደረቅ ምስርን በቀኑ ምክንያት መጣል ኃጢአት ነው።

ሂሳብ መናጠቅ

እሑድ ከቤተ ክርስቲያን በኋላ እናቶቹን ይዤ ሀበሻ ምግብ ቤት ሄድን። በያይነቱ ሁለት፣ ጥብስ አንድ፣ ሻይ፣ ቡና። ሂሳቡ መጣ። ጦርነት ተጀመረ። «በሞቴ!» «በልጄ ሞት!» «እኔ እያለሁ?» ወረቀቷ በአራት እጅ ተቀደደች ማለት ይቻላል። ያሸነፉት እናት ሳያነቡ ከፈሉ፣ ከዚያ ላይ 15 ዶላር ለአስተናጋጇ ጠረጴዛው ላይ አኖሩ።

በኋላ ወረቀቷን አየኋት። ምግቡ 84 ዶላር። ሥሩ «ሰርቪስ ቻርጅ 20 በመቶ፣ 16.80»። ጉርሻው ቀድሞ ገብቷል። እናታችን ሁለቴ ነው የከፈሉት።

ማንም አልደበቀባቸውም፤ ተጽፏል። የዋሽንግተን ዲሲ መራጮች በ2022 የአስተናጋጆች መነሻ ደሞዝ ቀስ በቀስ እንዲያድግ ከወሰኑ ወዲህ ብዙ ቤቶች ይሄን ክፍያ ጀምረዋል። ባለቤቶቹም ኪራይ፣ ሥጋና ዘይት አንቋቸዋል። ልትወቅሱ ሳይሆን ልታነቡ ይገባል። ታክሱንም አስቡ፦ ዲሲ ምግብ ቤት 10 በመቶ፣ ሜሪላንድ 6 በመቶ። ጥሬውን ከሱፐርማርኬት ገዝታችሁ ብታበስሉ ብዙው ያለ ታክስ ነው።

እኛ ያደረግነው ቀላል ነው። ጋባዡ ከቤት ሳንወጣ ይታወቃል፣ በተራ ነው። ሂሳቡን የሚያነበው ደግሞ እኔ ነኝ፣ ጮክ ብዬ። መጀመሪያ ላይ አፈሩብኝ። አሁን «አንብብልን» ይላሉ። መውጣቱን ግን እንዳትቀንሱባቸው። ሳምንቱን ሙሉ የሚያወሩት ስለዚያች ምሳ ነው።

ከሆድ መቀነስ

ባለፈው የካቲት የእናቴን ፍሪጅ ከፈትኩ። ከሁለት ሳምንት በፊት ያመጣሁት እንቁላል ከአሥራ ሁለቱ አሥሩ አለ። ወተቱ አልተከፈተም። ሥጋው በረዶ እንደሆነ ነው። «ምን እየበላሽ ነው?» አልኳት።

«ዳቦ በሻይ ይበቃኛል። እሱን ለእናንተ ነው ያስቀመጥኩት፣ ስትመጡ።»

ብዙዎቹ እንዲህ ናቸው። ሲወደድ መጀመሪያ የሚቆርጡት ከራሳቸው አፍ ነው፤ ለእንግዳ የሚቀርበው ግን አይነካም። በዚህ ዕድሜ ጡንቻ ቶሎ ይሟሽሻል፣ ሻይና ዳቦ ደግሞ ጡንቻ አያቆምም። ሥጋ ከተወደደ ሽሮ አለ፣ ምስር አለ፣ ክክ አለ። ጾም ሲገባ የሚበሉትን ያወቁ ሰዎች ርካሽ ምግብ አይቸግራቸውም። የሚቸግራቸው ለብቻ መብላት ነው።

እና አሁን ቅዳሜ ስመጣ አስቤዛውን አስቀምጬ አልወጣም። መጥበሻ እጥዳለሁ። አራት እንቁላል፣ ቃሪያ፣ ቲማቲም። እሷ እንጀራውን ታወጣለች። ሁለታችንም እስክንጨርስ አልነሳም።

«ስንት ገዛኸው?» ትለኛለች እየጎረሰች።

ደረሰኙን መኪና ውስጥ ነው የምተወው።