ዳታቤዝ በጆሮ፦ በስክሪን ሪደር እንዴት እንደሚሠራ

«ጋሼ፣ ማሽኑ ጠፍቶ ነው እንዴ የሚጽፉት?» አለችኝ አዲስ የተቀጠረች ልጅ። አልጠፋም፤ ስክሪኑን ነው ያጨለምኩት። ኤንቪዲኤ (ስክሪኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብልኝ ስክሪን ሪደር) ላይ ኢንሰርት፣ ኮንትሮልና ኢስኬፕን አንድ ላይ ስትጫኑ ስክሪኑ ይጠቁራል። የደንበኛን ስምና ስልክ ከኋላዬ የቆመ ሁሉ ለምን ያነባል?

የምሠራው ጎንደር ነው፣ ከፒያሳ ብዙ በማይርቅ መሥሪያ ቤት። ዓይነ ስውር ነኝ፤ የዳታቤዝ ሥራዬ በኪቦርድና በጆሮ ነው። ዳታቤዙን፣ ማለትም የመረጃ ማከማቻውን፣ የምጠይቅበትና የምቀይርበት ፕሮግራም የማይክሮሶፍት ኤስኪዩኤል ሰርቨር ማኔጅመንት ስቱዲዮ ነው። ነገሩ አንድ ዘዴ አለው፤ ሥዕልና ሠንጠረዡን ተዉት፣ ሁሉንም ወደ ጽሑፍ ቀይሩት።

መጀመሪያ ስክሪን ሪደሩን አስተካክሉ። ኤንቪዲኤ በነፃ ይገኛል። ቢሮው ፕሮግራም መጫን የማይፈቅድላችሁ ከሆነ ከፍላሽ የሚነሳውን ተጠቀሙ። (መብቱም አለ፤ የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ቀጣሪው ሥራውን እንዲያመቻችላችሁ ያዛል። ጠይቁ።) ከዚያ ማኔጅመንት ስቱዲዮን ከፍታችሁ ኤንቪዲኤ ላይ ለእሱ ብቻ የሚሠራ ፕሮፋይል (የቅንብር ስብስብ) ፍጠሩ፤ እዚያ ላይ ኢንሰርትና ፒን እየተጫናችሁ ሥርዓተ ነጥቡን «ሁሉንም አንብብ» ላይ አድርሱት። ኮድ ውስጥ አንዲት ኮማ ወይም ነጠላ ትእምርተ ጥቅስ ካመለጠች ቀኑ አለቀ። ሌላ ቦታ ግን ነጥብ ሁሉ ሲነበብ ራስ ያዞራል፤ ፕሮፋይሉ ለዚህ ነው። ኢርፎን አትርሱ። ሐምሌ ላይ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው ስፒከር ዋጋ የለውም። አንድ ጆሮ ግን ክፍት ይሁን፣ ሰው ሲጠራችሁ እንድትሰሙ።

የቴብሎቹን (ዳታው በረድፍና በዓምድ የተቀመጠባቸውን) ዝርዝር ለማየት ኤፍ 8 ተጫኑ። ዛፍ መሳይ ዝርዝር ይመጣል፤ በቀኝ ቀስት ይከፈታል፣ በግራ ይዘጋል። እውነቱን ለመናገር እዚያ ብዙ አልቆይም። አዲስ የኩዌሪ (ለዳታቤዙ የሚጻፍ ጥያቄ) ገጽ በኮንትሮልና ኤን ከፍቼ «ኤስፒ ሄልፕ» (sp_help) የሚለውን ትዕዛዝ ከቴብሉ ስም ጋር እጽፋለሁ፤ የዓምዶቹ ስምና ዓይነት ይዘረዘርልኛል። በማውስ የሚጎተተውን ዲያግራም እርሱት። ቴብል መፍጠር ከፈለጋችሁ «ክሬት ቴብል» ብላችሁ ጻፉ፤ የሚያዩትም ጎበዞች የሚሠሩት እንዲሁ ነው።

ኩዌሪውን ከማስኬዳችሁ በፊት ኮንትሮልና ቲ ተጫኑ። ውጤቱ በሠንጠረዥ ሳይሆን በጽሑፍ ይመጣል። ከዚያ ኤፍ 5፣ ቀጥሎ ወደ ውጤቱ ለመሄድ ኤፍ 6። አሁን በቀስት መስመር በመስመር ታነባላችሁ። «ሴሌክት ኮከብ» (ሁሉንም ዓምድ አምጣ) አትበሉ፤ ሠላሳ ዓምድ በአንድ ትንፋሽ ሲነበብ የቱ ስልክ የቱ መለያ ቁጥር እንደሆነ ይጠፋል። ሦስት አራት ዓምድ ምረጡ፣ አሥር ረድፍ ብቻ እንዲመጣ «ቶፕ 10» ጨምሩ።

ስህተት ሲመጣ መልእክቱ የመስመር ቁጥር ይነግራችኋል። 207 ካለ የዓምድ ስም ተሳስታችኋል፣ 208 ካለ የቴብሉን ስም። ኮንትሮልና ጂ ብላችሁ ቁጥሩን ጻፉ፣ መስመሩ ላይ ያደርሳችኋል። ባልደረቦቻችሁም ስህተት ሲገጥማቸው ስክሪንሾት ሳይሆን ጽሑፉን ኮፒ አድርገው እንዲልኩላችሁ ንገሯቸው። ለእኔ ስክሪንሾት ማለት «ምስል» የሚል አንድ ቃል ነው።

አሁን ወደ አማርኛው። እዚህ ላይ ነው የተቃጠልኩት።

አንድ ጊዜ ከሌላ ቦታ የመጣ የደንበኞች ዝርዝር ተጫነ። ሳነበው ስልኩ ይሰማል፣ ስሙ ጋ ዝም። የእንግሊዝኛው ድምፅ ፊደላችንን ስለማያውቅ ወደ ኢስፒክ አማርኛ ቀየርኩ። (ድምፁ ባዶ ጣሳ ውስጥ እንደሚያወራ ሰው ነው፤ ግን ያነባል።) አሁንም ዝም። ኤንቪዲኤን አጥፍቼ እንደገና ጫንኩ። ሁለት ቀን ሄደ። በመጨረሻ ፊደል በፊደል በቀስት ስሄድበት፦ ጥያቄ ምልክት፣ ጥያቄ ምልክት፣ ጥያቄ ምልክት። ያኔ ፕሮፋይሉን አልሠራሁም ነበርና ሥርዓተ ነጥቡ ዝቅ ብሎ ዘሎታል።

ምክንያቱ ቀላል ነው። የዓምዱ ዓይነት «ቫርቻር» (varchar) ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ የግዕዝ ፊደል አያስቀምጥም፤ «ኤንቫርቻር» (nvarchar) ይሁን። እሱም ሆኖ፣ ስሙን ስትጽፉ ከትእምርተ ጥቅሱ በፊት የእንግሊዝኛውን ኤን (N) ካላስቀደማችሁ ያው ጥያቄ ምልክት ይሆናል። አንዴ ከተቀየረ ደግሞ አይመለስም፤ ከምንጩ እንደገና መጫን ብቻ ነው። ስትጠራጠሩ «ዩኒኮድ» የሚለውን ፈንክሽን በዓምዱ ላይ አስኪዱ፤ የመጀመሪያውን ፊደል ቁጥር ይሰጣችኋል። 63 ካለ ጥያቄ ምልክት ነው። የእኛ ፊደል ከ4608 ይጀምራል፣ እሱም ሀ ነው።

ይኸው ፈንክሽን ሌላም ጣጣ ይፈታል። ሀይሉ፣ ሃይሉ፣ ኃይሉ፣ ሐይሉ በጆሮ አንድ ናቸው። የሚያይ ሰው ልዩነቱን ወዲያው ይለያል፤ እኔ ግን «ሀይሉ» ብዬ ፈልጌ «ዜሮ ሮው» (ምንም ረድፍ የለም) ሲለኝ ሰውየው አልተመዘገበም ብዬ ልመልሰው ነበር። ቁጥሩ ግን አይዋሽም፦ ሀ 4608፣ ሃ 4611፣ ሐ 4624፣ ኃ 4739። አሁን በ«ላይክ» (ተመሳሳዩን በሚፈልገው ትዕዛዝ) ነው የምፈልገው፤ የመጀመሪያውን ፊደል በአንደርስኮር (በታች ሰረዝ) ተክቼ «_ይሉ» እጽፋለሁ። አንደርስኮሩ ማንኛውንም አንድ ፊደል ይቀበላል። ለሠ፣ ለዐ፣ ለፀም እንዲሁ ነው።

የመጨረሻው ዳታ መቀየር ነው። «አፕዴት» (ቀይር) ወይም «ዲሊት» (ሰርዝ) ከመጻፋችሁ በፊት «ቢጊን ትራን» በሉ፤ ትራንዛክሽን ይከፍታል፣ ማለትም ለውጡ እስክታጸድቁት ድረስ መመለስ ይቻላል። አስኪዱና መልእክቱን አድምጡ። አንድ ሰው ልታስተካክሉ ነበር፣ ስንት ሮው እንደተቀየረ ይነግራችኋል። አንድ ካለ «ኮሚት» (አጽድቅ)። አራት ሺህ ካለ «ሮልባክ» (ወደ ነበረበት መልስ) በሉና ላባችሁን ጥረጉ። ብቻ ትራንዛክሽኑን ክፍት ትታችሁ ቡና እንዳትሄዱ፤ ቴብሉ ተቆልፎ መሥሪያ ቤቱ በሙሉ ይፈልጋችኋል።