ጭነት ሞልቶ ኪስ ባዶ፦ የጭነት መኪና ባለንብረቶች የሚሠሯቸው ስህተቶች

መኪናው ዓመቱን ሙሉ ሲሠራ ይከርማል። ባለቤቱ ግን ጎማ መግዣ ያጣል። በዚህ ሥራ ብርቅ ነገር አይደለም። ጥፋቱ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ሳይሆን ዋጋ ሲነገር ነው የሚጀምረው።

ዋነኛው ስህተት ናፍጣን ብቻ መቁጠር ነው። ናፍጣ በየጉዞው ከኪስ ስለሚወጣ አይረሳም። ጎማ፣ ሰርቪስ፣ ኢንሹራንስ፣ የብድር ወለድና የመኪናው እርጅና ግን ቀናቸውን ጠብቀው ነው የሚመጡት። «ናፍጣውንና የሾፌሩን አበል ከቻለልኝ ይበቃኛል» ብሎ የሚጭን ሰው መኪናውን ቀስ በቀስ እየበላው ነው። ወጪን ለሁለት መክፈል ይሻላል፤ መኪናው ቢቆምም የሚከፈለውን ለሥራ ቀናት፣ በመሄዱ የሚመጣውን ለኪሎ ሜትር ማካፈል። ያን ጊዜ ለማራገፍ ወረፋ ይዞ የሚያልፍ ቀን ምን ያህል እንደሚያስከፍል ቁልጭ ብሎ ይታያል። የወረፋ ክፍያ ሳይነጋገሩ መጫንም ራሱን የቻለ ስህተት ነው።

ሌላው ባዶ መንገድን መርሳት ነው። 500 ኪሎ ሜትር ጭኖ ሄዶ ባዶውን የሚመለስ መኪና የተጓዘው 1,000 ነው። ክፍያው ይህን ሁሉ መቻል አለበት።

«ታዲያ ባዶ ከመመለስ በርካሽ ብጭን አይሻልም?» ይሻላል፤ ጭነቱ ያመጣውን ተጨማሪ ናፍጣና የጠፋውን ቀን እስከሸፈነ ድረስ። ችግሩ ሁሉም እንዲህ ማሰቡ ነው። የመልስ ዋጋ ሲለመድ የመስመሩ ዋጋ ይሆናል። እናንተ ካራገፋችሁበት ከተማ ለሚነሳው ባለመኪና ደግሞ ያ ዋና እንጀራው ነው። እሱም በተራው እናንተ ከተማ መጥቶ በመልስ ዋጋ ይጭናል! የመልስ ዋጋ ለመልስ ብቻ ይሁን፤ ለመደበኛ ደንበኛ አይጠራ።

ተፎካካሪን በትርፍ ጭነት ለመብለጥ መሞከርም አያዋጣም። ፍሬንና ጎማ ቶሎ ያልቃሉ፤ ቅጣቱም አለ። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ በአሜሪካ ኢሊኖይ ግዛት ከተደረገ የመንገድ ሙከራ የተገኘው ስሌት እንደሚለው፣ በአንድ አክሰል (የግራና የቀኝ ጎማዎችን በሚያገናኘው ዘንግ) ላይ ያለው ክብደት እጥፍ ሲሆን በመንገዱ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ወደ 16 እጥፍ ይጠጋል። የተበላሸ መንገድ ደግሞ ዞሮ የሚሰብረው የራስን ባሌስትራ ነው።

ዋጋ ሲሞቅ ተበድሮ ሁለተኛ መኪና መግዛትስ? ሌላውም እየገዛ ነው። መኪናዎቹ ሥራ ሲጀምሩ ዋጋው ይወርዳል፤ ብድሩ ግን አይወርድም። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1980 የጭነት ትራንስፖርትን ለፉክክር ስትከፍት በአሥር ዓመት ውስጥ ፈቃድ ያላቸው ድርጅቶች ከእጥፍ በላይ ሆነዋል። አስጫኞች ደስ አላቸው፤ ብዙ ነባር ድርጅቶች ግን ከገበያ ወጡ።

በመጨረሻ፣ የዓመት ውል በአንድ ዋጋ መፈረምም ስህተት ነው። ውሉ በተፈረመበት ቀን የነበረው የናፍጣ ዋጋ ይጻፍበት። ናፍጣው ከዚያ በስንት በመቶ ሲለወጥ ክፍያው በስንት እንደሚለወጥም አብሮ ይስፈር፤ ወደ ላይም ወደ ታችም።