ለብር መስቀልና ለትንንሽ ዕቃዎች ፎቶ የሚሆን የካርቶን የብርሃን ሣጥን

የብር መስቀል፣ ቀለበት ወይም ከወለቃ መንደር የሚመጡትን ትንንሽ የሸክላ ምስሎች በስልክ ፎቶ አንሥታችሁ ለገዢ የምትልኩ የጎንደር ነጋዴዎች፣ ውድ ካሜራ ከመመኘታችሁ በፊት ጎኑ 40 ሴንቲ ሜትር ያህል የሆነ ባዶ ካርቶን ፈልጉ። አፉን ወደ ፊት አዙራችሁ የግራውን፣ የቀኙንና የላዩን ገጽ፣ ዳር ዳሩን ሦስት ጣት ያህል አስቀርታችሁ፣ በመስኮት መልክ ቁረጡና በስስ ነጭ ጨርቅ ሸፍኑት። እኔ ያረጀ ነጠላ ተጠቅሜያለሁ፤ ጥለቱ ግን አስቀድሞ መቆረጥ አለበት፤ አለዚያ ቀለሙ በብሩ ላይ ያርፋል።

ከውስጥ ወፍራም ነጭ ወረቀት ከኋላው ግድግዳ አናት ላይ አጣብቃችሁ፣ ሳይታጠፍ ለመጥ ብሎ እስከ ወለሉ እንዲወርድ አድርጉ፤ ከዕቃው ጀርባ የማዕዘን መስመር የሚጠፋው በዚህ ነው። በግራና በቀኝ አንድ ዓይነት ነጭ የኤል ኢ ዲ አምፖሎች አብሩ፤ የድሮው ባለ ክር አምፖል ስለሚግል ጨርቁን ሊያቃጥል ይችላል። የክፍሉንም ቢጫ መብራት አጥፉ።

አስቸጋሪው ብር ነው። እንደ መስታወት ስለሚያንጸባርቅ በነጭ ሣጥን ውስጥ ሁለመናው ነጭ ይሆንና ጠርዙ ከወረቀቱ ጋር ይመሳሰላል። ሁለት ጣት የሚሰፋ ጥቁር ወረቀት ከካሜራው ዕይታ ውጭ በመስቀሉ ጎን ብታቆሙ ግን ጥቁሩ በጠርዙ ላይ ይንጸባረቅና የሐረጉ ጥልፍልፍ ቁልጭ ብሎ ይወጣል። ስልኩ ነጩን ወረቀት ግራጫ ካደረገባችሁ፣ መስቀሉን በስክሪኑ ላይ በጣት ነክታችሁ ብርሃኑን ጥቂት ከፍ አድርጉት።